ሃያ ሦስት ስልክ፣ አንድ ፏፏቴ

ፈረንጅ አራዳ ነው ሱቄ፤ ሁለት ሜትር በሦስት፤
ሥራዬም የሰው ፊት ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መስጠት።

ሰኞ ከሰዓት መጡ፣ የሂርማታ እቁብተኞች፤
ጨርቅ ነጋዴ፣ ሚስማር ነጋዴ፣ ሁለት ጡረተኞች፤
ዘንድሮ ዕጣቸው ብር ሳይሆን አገር ወጥቶ፣
ሁሉም ባንድ አውሮፕላን፣ ባንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ዛምቢያ ድረስ ዘምቶ፣
ዓለም የሚጋፋበትን ፏፏቴ ጎብኝቶ፣
ተመለሰ፤ እግሩ አብጦ፣ ፊቱ ወዝቶ።
ሃያ አራት ሰው፣ ሃያ ሦስት ስልክ።

«እጠብልን!» አሉኝ፤ «ሁሉንም፣ ሳትቀንስ፤
ያልሄደው ጎረቤት አይቶ እንዲያለቅስ!»

ከፈትኩት የመጀመሪያውን።
ሰው።
ሁለተኛው፦ ሰው። ከኋላው ሰው። ሰው ትከሻ ላይ ሰው።
ሰማያዊ የዝናብ ልብስ፣ በሰዓት የተከራዩት፤
ክንድ፣ ዣንጥላ፣ ዱላ ላይ የሰኩት ስልክ ሽቅብ ሲዘረጉት፤
የትርፌ ግማሽ ጆሮ፤ የነጂብ ጥርስ፤
የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሕፃን ሙዝ ሲጎርስ፤
ጥግ ላይ፣ ገመድ ላይ እንደተረሳ አንሶላ፣
ትንሽ ነጭ ነገር፣ ከሰው ኋላ።
«ውሃው እሱ ነው» አሉኝ።

ሸምሲያ ሳቀች፤ «ወረፋው ከስኳር ወረፋ ይብሳል፤
አስጎብኚው ባንዲራ ይዞ ይሮጣል፣ የቀረ ይቀራል፤
‹አሥር ደቂቃ!› ይላል፤ አሥሩም ራሳችንን ስናነሳ አለቀ፤
ውሃው እንደሆነ፣ ያው፣ ወደቀ።»

ማታ፣ ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ብቻዬን ስቀር፣
አንድ ነገር ያዘኝ፤ እልህ ይሁን ፍቅር፤
ከጅማ ወዲያ ወልቂጤን እንጂ የማላውቀው ሰውዬ፣
ይህን ውሃ ሳላይ አልተኛም አልኩ፣ ለራሴ ምዬ።
ከሸምሲያ ክንድ በላይ ጣት የምታህል ነጭ ቆረጥኩ፤
ከነጂብ ጆሮና ከባንዲራው መሐል አረፋ ለቀምኩ፤
የቀስተ ደመናዋን እግር ከአንድ ጃፓናዊ ባርኔጣ ሥር አገኘሁ፤
ገደሉን ከሦስት ሰው ብብት አወጣሁ።
ሰውን እየነቀልኩ፣ ክፍተት እየሰበሰብኩ፣
እንደ ልብስ ሰፊ፣ ቀዳዳን በቀዳዳ ጣፍኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቆመ።
ማንም የሌለበት ፏፏቴ። ስፌቱ የሚታይ፣ እዚህም እዚያም የተጣመመ፤
ግን ሙሉ፤ ከስክሪኑ አናት እስከ ግርጌ የሚወርድ።
እንዳይረጨኝ ፈቀቅ አልኩ፤ ደግነቱ የሚያይ የለም፣ የሚፈርድ።

መብራት ሄደ።
ሳላስቀምጠው። ውሃዬም እንደመጣ ነጎደ።

ጨለማው ውስጥ ቆርቆሮው ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ቁጥር የለውም፤
የጅማ ዝናብ ሲመጣ ማንንም አይጠይቅም።
የደጁ ቦይ ሞላ፤ ቦዩ ወደ አዌቱ ሮጠ፤
አዌቱ ከድልድዩ ሥር፣ ጠርሙስና ነጠላ ጫማ ተሸክሞ፣ እያጓራ አመለጠ።
እጄን በበሩ ክፍተት አወጣሁት። ረጠበ።
‹አሥር ደቂቃ!› ብሎ ከኋላዬ ማንም ሰዓት አላሰበ።

ጠዋት መጡ። እያንዳንዱ የራሱን ፊት ፈለገ፤
«እዚህ ላይ ወፍሬያለሁ» አለች ትርፌ፤ ነጂብ ዓይኑን የጨፈነባትን ኪሱ ሸሸገ።
ስለ ውሃው የጠየቀ የለም፤
አባ ፎጊ ብቻ፣ ሃያ አራተኛው ሰው፣ ስልክ የሌላቸው፣
ፎቶዎቹን አንድ ባንድ፣ ፊትም ጀርባም እያገላበጧቸው፣
«ውሃው የት አለ?» አሉኝ። «እኔ እንኳ የአንድ ረጅም ሰው ማጅራት አይቼ ነው የተመለስኩት።»

«ማታ እዚህ ነበር» አልኳቸው።

አላሾፉብኝም። ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩ፤
ከበሩ ሥር የገባው ርጥበት ገና አልደረቀም ነበር።