የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሦስተኛ ረቂቅ

"ለሚመለከተው ሁሉ" ብዬ እጀምራለሁ፤
ማን እንደሚመለከተው ግን በምን አውቃለሁ?
የመጀመሪያውን ቀደድኩት፣ ሽንገላ ነበረ፤
ሁለተኛው ጨው አነሰው፣ ሳይበስል አረረ።
ይኸው ሦስተኛው፤ ነገ እኩለ ሌሊት በራችሁ ይዘጋል፣
ከቶሊዶ፣ ከምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት፣ አንድ መምህር ይጽፋል።

ኢልካ ቬሬሽ ትባላለች። ዕድሜዋ ሃያ ሊሞላ፤
አባቷ የመስታወት እቶን ጠባቂ፣ ክንዱ በፍም የተበላ፤
እኔ ዘንድ ሁለት ዓመት ቆየች፣ ሽንኩርት ከትፋ፣ አጥንት ቀቅላ።
አሁን በኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ከዚያ ከሚሽከረከረው አገር፣
ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ወጥ ቤታችሁ ልትማር
አመልክታለች። በራሷ እጅ የጻፈችው ሦስት መስመር፣
"መሥራት እችላለሁ" ከሚል በቀር የለበትም ሌላ ነገር።

ቅጻችሁ ሳጥን ይወዳል፦ ሰዓት አክባሪነት፣ ጽዳት፣
ከባልደረባ መግባባት፣
ከአንድ እስከ አምስት፣ ከአምስት ስንት?
መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ "ፈገግታ፣ ሳይቋረጥ፣ ለእንግዳ ሁሉ።"
እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ፣ ወንዝ እንዳየ በቅሎ፣
"አልሻገርም" ብሎ።

ኢልካ ብዙ አትስቅም። ይህን ብክድ ቢላዬ ይታዘበኛል፤
ይልቅ ያየሁትን ልንገር፤ ከሳቅ እሱ ይበልጣል።
ባንድ ማክሰኞ የአስራ አንዱም ተማሪ ሶስ ተበጠሰ፣ ቅቤው ከእንቁላሉ ተጣላ፤
አስሩ ከነድስቱ ደፉት፤ "ሌላ እንጀምር" አሉ፣ "ሌላ"።
እሷ ግን አንድ አስኳል ለየች፣ ከማንኪያ ውሃ ጋር መታች፣
የተጣላውን በጠብታ፣ በጠብታ፣ ታስታርቅ ገባች፤
ሲስማማ ለማንም ሳትናገር፣ ማንኪያዋን አጥባ ወጣች።
ይህ በየትኛው ሳጥን ይገባል? ከአምስት ስንት ነው ዋጋው?
ቅጹን አገላብጬ አየሁ፤ ለሱ አልተተወም ቦታው።

ሦስት ጊዜ አርፍዳለች፤ ይህንንም አልደብቅ፤
ያባቷን ክንድ ስታሽግ ነበር፣ የሌሊት ፈረቃው ሲያልቅ።
ከሷ አልሰማሁም፤ የነገረኝ የአውቶቡሱ ሾፌር ነው፤
እሷማ "ይቅርታ ሼፍ" ብላ ሽርጧን ነው የምታስረው።

እውነት ካወጣን አይቀር፣ እኔም እዚያ ሠርቻለሁ፤
በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ ድንች ጠብሻለሁ፣
ከቀለም ቅቡ ግንብ ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፤
ከፊት ልዕልቷ ስትደንስ፣ ከኋላ ዘይቱ ሲንተከተክ፣ ሲፈል፤
አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰሃን፣ እስከ እራት ሰዓት ድረስ፣
ደጅ የተሰለፈው ሲንጫጫ፣ አይስክሬሙ በክንዱ ሲፈስ።
ሰዓቱ ግድግዳ ላይ ሞቶ፣ አራት ከሩብ ላይ ቆሞ፣
የሚጠግነው አልነበረም፣ ዓመት አልፎ ዓመት ከርሞ፤
ግን በየአራት ደቂቃው ያ የብረት ሀዲድ ባቡር
ከሰማይ ሲወረወር፣ ጣሪያችን በጩኸት ሲሸበር፣
እኛ በዚያ እንለካ ነበር፦
አንድ ጩኸት፣ ድንቹ ይገባል፤
ሁለተኛው፣ ይገላበጣል፤
ሦስተኛው ሲያልፍ ጨው ይነሰነሳል።
ሰው ከፍሎ በሚጮኸው ጩኸት እኛ ድንች አበሰልን፤
በቀን ስንቴ እንደሳቅን ግን ማንም አልጠየቀን።

ታዲያ ልላካት ወይስ ልተው? ሶስ የሚያስታርቅ እጅ
ለዘይት ልገብር? ይህን ብጠይቃት ከደጅ፣
"ሼፍ" አለችኝ፣ "እዚህ የማወጣው አስራ ሁለት ሰሃን ነው፤
ሺህ ሲሆን የት ላይ እንደምሰበር አላውቅም።
ማወቅ እፈልጋለሁ።"
ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አልጨምርም።

ሰዓት ማክበር ላይ ሦስት። ፈገግታ፣ ሁለት።
የቀረው ሁሉ አምስት።
ከተቀበላችኋት ግን አንድ መልእክት አድርሱልኝ፤
እኔ ብነግራት እንዳትስቅ፣ ሳጥኑን እንዳታበላሽብኝ፦
ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዛሬም አራት ከሩብ ይል ይሆናል፤
እሱን አትይ፣ ኢልካ። ጆሮሽን ወደ ጣሪያው፤ ሲመጣ ይሰማል።
በሦስተኛው፣ ጨው።