እጄን ስሰበስብ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ በልብስ ሰፊው ጓዳ፣
ቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል ተከልን ሰሌዳ።
ዓርብ ከስምንት ሰዓት፣ ማዳሞች ሲተኙ፣
ሰባት ሴቶች መጡ፤ ሁለቱ አልተገኙ።

«ምን ልዘጋጅ?» አልሽኝ፣ ልትተኪኝ ስትመጪ፤
ነገሬ ጥቂት ነው፤ ደብተርም አታውጪ።

እኔ ከሚሴ ላይ ሕፃናት ነበር ያስተማርሁት፤
እዚህም በሻንጣ የነሱን ገበታ ነው ያመጣሁት፣
ለ«በ» በግ የተሣለበት።

ሽታዬ በጉን አየችና ሳቀች።
አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አምስት የሰው ልጅ አሳድጋለች።
«እህት ዓለም፣ በግስ አውቃለሁ፤
ሲታረድ ጨጓራውን የማጥብ እኔ ነኝ።
ስሜን አሳዪኝ።
ፓስፖርቴ ላይ ያለው የደላላው ነው።»

ወረቀቱ ላይ ዘይነብ ናት፤
ቤቱ ደግሞ ለጥሪ አሳጥሮ «ዙዙ» ብሏታል።

በጉን ጠቀለልሁት።
ሽ፣ ታ፣ ዬ፣ ጻፍሁላት ከላይ፣ በሰፊው።
ጠመኔውን እንደ መጥረጊያ እንጨት በመዳፏ ጨበጠችው።

እጄ ሊነሣ ነው! ልማዱ ነው፣
ጣት ይዞ መግፋት፣ ቶሎ እንዲያልቅ።
ግን ከዚያች ሴት እጅ ስንቱ ተነጥቋል፣
ካውያው፣ ማንኪያው፣ አቅፋ ያስተኛችው ሕፃን፣
«እንዲህ አይደለም፣ አምጪው» እየተባለ።
ሰበሰብሁት እጄን።
ታፋዬ ሥር ከትቼ ተቀመጥሁበት።

አርባ ደቂቃ።
ኤሲው ይንጠባጠባል፤ ከመጋረጃው ማዶ መኪናው ይሰፋል።
ዘምዘም ደብተሯ ላይ አንቀላፍታለች፤
አልቀሰቀስኋትም፣
የተኛችው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ሽ ሁለቴ ተገለበጠች።
«ተሳስተሻል» ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት።
መራራ ነው፣ ትለምጂዋለሽ።
በሦስተኛው ራሷ ደረሰችበት፦
«ውይ! እግሯ በዚህ በኩል ነው ለካ!»
ታን አቆመች።
ለዬ ቀለበቷን አጠለቀችላት።

ቆማ አየችው፣ ረጅም ጊዜ።
ከዚያ፣ እጇ የለመደው ነውና፣
በሻሿ ጫፍ ሰሌዳውን ወልውላ አጸዳችው።
አንዲት ነቁጥ አላስቀረችም።

ማናችንም አልተናገርንም።
እሷም የሠራችውን ያየችው ዘግይታ ነው።
ለመጪው ዓርብ ያኖርሁትን ጠመኔ
ሰብሬ፣ ትልቁን ስባሪ ሰጠኋት።

ከታች የቤቱ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ።
«ዙዙ!» አለ። ደገመ። «ዙዙ!»
አልዞረችም፤
ገና ታ ላይ ነበረች።