የጓዳ አድራሻ

ሊዮን፣ ሆቴል ክፍል፣ ሌሊቱ ተጋምሷል።
ፖርቶ ያለው ሰርቨሬ "ማነህ?" ሲል ይመልሳል፤
ስሜን ይቀበላል፣ የይለፍ ቃሌንም፣
"ግባ" ይላል፤ ፋይሉን ግን አያሳየኝም።

ስሟ ራሱ ወደብ ነው፣ የተወለድኩባት፤
አንዲት ወደብ ከፍታ ብታስገባኝ ምን አለባት?

ጎረቤቴን በስልክ ቀሰቀስኩ፣ ዶና ኤርሜሊንዳን።
"አንዷ መብራት አረንጓዴ፣ አንዷ ብልጭ ድርግም ትላለች፤
ድመትህም ከላዩ ላይ ተኝታለች፤
ሞቅ ብሏል፣ ልጄ፣ ደህና ነው" አሉኝ።

ሊነጋ ሲል ሎጉን ሳነብ ገባኝ፦
"ና፣ እዚህ ነኝ" ብሎ የላከልኝ
የጓዳ አድራሻውን ነው፣ የቤት ሰው የሚያውቀውን፣
ከመቶ ዘጠና ሁለት የሚጀምረውን።

አልዋሸም። ስድስት ዓመት ከጎኑ እንጂ ከሩቅ ጠርቼው አላውቅ፤
መሄዴን ማን ነገረው? ከየት ይወቅ?

ዶና ኤርሜሊንዳ፣ አይተኙ፤ እርሳስ ይያዙልኝ።