የችካል ጠባቂ

ከፒያሳ ወጣን መሣሪያ ተሸክመን፣
ባለ ሦስት እግሩን በየተራ አዝለን።
የመመረቂያ ርዕስ፦ «ቀላል የከተማ ባቡር፣
ከመሃል ደሴ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር»።
ጦይባ ታነባለች፣ አበጋዝ ይጽፋል፣
እኔ ባለ ዘንጉ፣ ጭቃው ይጎትተኛል፤
ጦሳ ጉሙን ደርቦ ከላይ ይታዘበናል።

ሸዋ በር ስንደርስ፣ አንድ ሰው ከመንገዱ ዳር፦
«ምን ትለካላችሁ?»
«ለባቡር ነው አባባ።»
«ለየትኛው ባቡር?»

ስንት ባቡር አለ? ተያየን በመገረም፤
ፉጨቱን የሰማ ጆሮ በዚህ ሰፈር የለም።

«ሙሄ ወልደ ጻድቅ ነኝ፤ ዘብ ሆኜ ቆሜያለሁ፤
ስድስት መቶ አርባ ችካል ተረክቤያለሁ፣
ተረካቢ አልመጣም፤ እጠብቃለሁ።

«የመጀመሪያው ቀይ ነበር፣ በአብዮቱ ጊዜ፤
በወር ሠላሳ ብር ተቆርጦ ደሞዜ።
ፋብሪካ ሊቆም ነው ተብሎ ከገብሱ ማሳ ላይ፣
ችካል ተደረደረ፣ ከዚህ ጀምሮ ዓይን እስከሚያይ።
ልጅ እንዳይነቅለው ሌት በባትሪ አየሁት፣
ከብት እንዳይታከከው ቀን በዱላ ዞርኩት።
ፋብሪካው ግን ቀረ።
ገብሱ ታጨደ፣ ተዘራ፣ ታጨደ፣
ደሞዜም አንድ ወር መንገድ ስቶ ሄደ።
‹ተወው› ያለኝ የለም፤ እኔም አልተውኩትም፤
ያልተሻረ ሹመት በዝምታ አይሻርም።

«ሁለተኛው ቢጫ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ፤
ገብስ በነበረበት ፊደል በቀለ፣ ፎቅ ወጣ።
ላፕቶፕ ያዘሉ ልጆች ሦስት ቀን ለኩና፣
ያንኑ የኔን ችካል ቀቡት እንደገና።
ተማሪው ወሬ ሰማ፤ ችካሉን ተከትሎ፣
እግር መንገድ አወጣ፣ ‹ሐዲዱ› ነው ብሎ።
ዛሬም ‹በሐዲዱ ና፣ ያቋርጣል› ይባላል፤
ብረት ያልነካው ጭቃ ስሙ ሐዲድ ሆኗል።

«ከዚያ ያ ኅዳር መጣ።
መብራት የለ፣ ከሰል የለ፣ በር ሁሉ ተዘጋ፣
አንድ በአንድ ነቀሉት ሌሊቱ ሳይነጋ።
እኔም ሦስቱን ነቀልኩ፤
የልጅ ልጄን በርዷት፣ ለእሷ እሳት አነደድኩ።
ዘብ ሲሰርቅ ማን ይክሰስ? ራሴን ከሰስኩ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?» አለች ጦይባ ቀስ ብላ።
ግንባሩን ነካ በጣቱ። ሌላ ቃል አልጨመረም፣ ሌላ።

ፊት ፊታችን ሄደ። ቆመ። «እዚህ።» ሄደ። «እዚህ።»
ከቤተ መጻሕፍቱ አቧራ ካወጣነው
ካርታ ጋር ስናየው፣
ስህተቱ አንድ ስንዝር፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

ሰኞ ገበያን አልፈን፣ ከጅረቱ ማዶ ግን፣
ካርታው ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ ሙሄ ታጠፈብን።
አሥራ አራት ሜትር። ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ።
«አባባ፣ ተሳስተዋል፣ በቁጥሩ ሲታይ።»

«አልተሳሳትኩም፤ በሌሊት ነው የነቀልኩት፣
ሰባቱን ችካል ብቻዬን ነው ያዞርኩት።
ዘምዘም እዚያ ነበረች፣ ክር ፈትላ የምታድር፣
ባሏ ዘመቻ የቀረ፤
መስመሩ በመኝታዋ ሥር ነበረ።
ጠዋት ወጥታ አየች። ምንም አላለችኝም።
ስድስት እንቁላል በጭድ ጠቅልላ ሰጠችኝ።
ሃያ ዓመት ተጎራበትን። ሌላ አትጠይቁኝ።»

ቤቱ ዛሬ የለም። አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለች፤
«የመመረቂያ ጽሑፍ እንጠርዛለን» ትላለች።

አበጋዝ እርሳሱን አንጠልጥሎ ቆየ።
ጦይባ ቅስቱን አሰላች፤
«ያስኬዳል፣ ፍጥነት ከቀነሰ» አለች።

አማካሪያችን ጠየቁ፦ «ምንድን ነው ይኼ ጥምዝ?
ገደል ነው? ውሃ ነው? ወይስ የዘንግ መያዝ መዘዝ?»
«ነባር ይዞታ» ብለን ጻፍን ከግርጌው፤
ቢ ፕላስ ሰጡን፤ ቅስቱም ቀረ እንደቆመው።

በመጨረሻው ቀን ሙሄ ፌስታል ይዞ መጣ፤
ሦስት ችካል፣ አዲስ የተጠረበ ባሕር ዛፍ፣ ከውስጡ አወጣ።
«ዕዳዬ ነው። ፈርሙልኝ። ቀለሙን እናንተ ምረጡ።»

ፈረምን።
ከዶርማችን መስኮት ሥር ተደግፈዋል፣
እርጥበታቸው ገና ይሸታል።
ቀይ ነበረ፣ ቢጫ ነበረ።
እስከ ዛሬ አልቀባናቸውም።