ፈቀቅ

ክረምቱን በሙሉ ቢቸና ላይ ዘንቦ፣
መምህር ይርሳው ደብተሩን አቅርቦ፣
ዘጠኝ ንግሥት ያሉት፣ ተጫዋች የሌለው፣
ከራሱ አመንጭቶ ለማት ያሰናዳው፣
ያን የቼዝ ገበታ፣ ጣቱን እያጠፈ፣
ባንድ እርምጃ ስንት ማት? ቆጥሮ ቆጥሮ ጻፈ፤
አርባ ስድስት።
ከሥሩም በቀይ አሰመረ።

መብራት የመጣ ለት
የትምህርት ቤቱን አሮጌ ኮምፒውተር
አቧራውን ጠርጎ፣ አሰላለፉን አስገባ።
ፕሮግራሙ እህ እንኳ ሳይል፦
አርባ ሰባት።

አንዷ የት ገባች?
ንግሥቶቹን ሁሉ ደግሞ መረመረ፣
ፈረስ አዘለለ፣ ወታደር አነገሠ፣
መብራቱ ሄዶ፣ ሻማው እስኪያልቅ ድረስ።

ለካስ ንጉሡ ነው፤
ሰይፍ እንኳ ሳይመዝ፣ አንዲት ቤት ፈቀቅ፣
ከጀርባው ለቆመው ግንብ መንገድ ሲለቅ።

ስድስቷን ሰርዞ ሰባት አደረጋት።
«እናቴ ምን ብታውቅ ነው» አለ በጨለማው፣
«ይርሳው ያለችኝ?»