ዓይን አይቆረስም

ባንክ ቤቱ «አርጅቷል» ብሎ ያባረረው፣
ጨረታ ላይ ከርሞ አቧራ የወረረው፣
ጎኑ የተጫረ፣ ክዳኑ የላላ፣
አንድ ጥቁር ሣጥን፣ ከባድ እንደ ዳውላ፣
ባጃጅ ላይ ጫንኩና ከፖስታ ቤት ኋላ
በቀትር ይዤው ገባሁ፤ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
የአዳማ ንፋስ አቧራ ሲገለብጥ።
ጎረቤቴ አያንቱ በአጥር እያየችኝ
«ፍሪጅ ነው?» አለችኝ።
«ነው» አልኳት፣ «የካሴት፤ እንዳይሻግትብኝ።»

አባቴ ቪዲዮ ቤት ነበረው፣ ፍራንኮ፤
ሰው ተሰልፎበት ያመሽ ነበር እኮ!
ሳምንቱን ሲያከራይ ሕንድና ካራቴ
ቅዳሜ፣ እሑድ ደግሞ ሠርግ ይቀርጻል አባቴ።
ካሜራው ትከሻው ላይ፣ መብራት ያዥዋ እኔ፤
(እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ሙሽራዋ በእኔ
ጥፋት ትጨልማለች። ካሴቱ ላይ አለ።)
እሱ ሲያርፍ ሁሉም ጆንያ ውስጥ ዋለ፤
ሦስት መቶ አርባ ሠርግ፣ ግማሹ ሻግቶ ነጭ ጢም አበቀለ።

የማጫወቻውን ጭንቅላት በአረቄ፣
በጥጥ እየጠረግሁ፣ እጅግ ተጠንቅቄ፣
ወደ ሃርድ ዲስክ አሻገርኳቸው፣ ሙሽራን ከነሚዜው፣
ድንኳንን ከነዝናቡ።
የሦስት ሰዓት ሠርግ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤
ካሴት ለማንም ብሎ መቼ ይቸኩላል።

ሮቤራ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከኋላዬ ቆሞ
ወር ሙሉ ዝም አለ። «አክስቴ፣ ይሄ ደግሞ
ጌም ያጫውታል?»

ሌላ ማሽን መግዣ ከየት ይምጣ ብሩ?
አንዱን ለሁለት ቆረስኩ። እንዲህ ነው ነገሩ፦
ከማሽኑ ሆድ ሌላ ማሽን፣ ግድግዳ የሌለው ጓዳ፣
ቨርቹዋል ይሉታል፤ እኔ ያልኩት «እንግዳ»።
ከራሙ ግማሹን፣ ከፕሮሰሰሩ አራት ኮር፣
ከዲስኩም አንድ ጥግ፣ ጨዋታው እንዲያድር።
ግራፊክስ ካርዱ ግን አንድ ነው።
ራም ይቆረሳል፤ ዓይን አይቆረስም።
«ለእንግዳው ከሰጠሽ ባለቤቱ ይታወራል» አለኝ
ሙዘይን፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ብሎን በጥርሱ ነክሶ።

ሦስት ሌሊት ሙሉ ጥቁር ስክሪን አየሁ።
ፊደል ለቀምኩ፣ ሰረዝኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ።
በአራተኛው ሌሊት የባለቤቱ መስኮት ድርግም አለና
በዚያው ገመድ፣ በዚያው መስታወት፣ እንግዳው ዓይኑን ገለጠ።
ባለቤቱ ግን አልሞተም፤ ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ
ሠርጎቹን ይጠብቃል፣ ፋኑን እያሽከረከረ።

ትዝ አለኝ አባቴ። ለአሰላ፣ ለመተሐራ
አውቶቡስ ያመለጠው በሌሊት ሲጣራ
አልጋውን ይለቅና ባንኮኒው ላይ ያድራል፣
ካሴት ተንተርሶ።
ጠዋት አንገቱን እያሸ «ተመችቶኝ አደርኩ» ይላል።

ዛሬ መብራት ሄዷል። ባትሪው ስምንት ደቂቃ ይታገሣል፣
ከዚያ ጢጥ ይላል፤ ሮቤራ ጓዳ ሆኖ ይጮኻል።
ኮረብታው ላይ ግን ትልልቆቹ የንፋስ ክንፎች ይዞራሉ።
«ለማን ይሆን?» ትላለች አያንቱ።
እነሱም ቤት እንግዳ መጥቶ ይሆናል።

መብራት ሲመጣ፣ ማታ፣
ልጁ የሌለ መንገድ ላይ የሌለ መኪና ይነዳል።
እናቴ ሳሎን የሰማንያ ዘጠኝን አንድ ሠርግ ከፍታለች፤
ባለቤቱ ራሱ የማያየውን በሽቦ ይልክላታል።
ሙሽሮቹ የማን እንደሆኑ እንኳ አናውቅም።
«ወደዚህ ዙሩ፣ ወደዚህ፣ ሳቅ በሉ እስቲ» ይላል አባቴ።
ድምፁ ብቻ።
በሦስት መቶ አርባ ሠርግ አንድም ቦታ የለም፤
ካሜራውን የያዘ ካሜራው አያየውም።
እዚህ ጋ ብቻ፣ እኔ መብራት ይዤ ሳንቀላፋ፣
ብርሃኑ ከኋላው ሸርተት ሲል፣ ድንኳኑ ሸራ ላይ ጥላው ሰፋ፣
ትከሻው እንደ ጎበጠ፣ አንድ አፍታ። ጠፋ።

እናቴ መልሳ ታያለች።
ከጓዳ «አሸነፍኩ!» ይላል ልጁ።
ፋኑ ይዞራል።
እናቴ መልሳ ታያለች።