ማጣቀሻ

ቃሉ የሮብሌ ነው፣ የእኔ ጣቴ ብቻ፤
ሦስት ገጽ ተየብኩለት፣ ረቡዕ፣ በሥራ መውጫ።
«ቁጥሩን አደራ» አለኝ፣ «ሌላው ሌላው ይቅር፤
አሥራ ስድስት የተባለው ብረት አሥር ነው፣ አሥር።»
ቁራጯ ኪሱ ነበረች፣ ከግንቡ ያወጣት፣
የጣት ቁመት ያላት፣ ዝገት የጀመራት፤
ጠረጴዛዬ ላይ አኖራት። ሄደ።

ግንቡ የደቻቱ ነው።
ለእንግዳ፣ ደቻቱ አሸዋ ነው፤ ግመል የሚያቋርጠው፣
ልጅ ኳስ የሚያንከባልልበት፣ ባጃጅ የሚዞርበት።
የድሬ ሰው ግን ያውቃል፤ እዚህ ኮከብ ሞልቶ፣
ደንገጎ ላይ የዘነበው በሌሊት መጥቶ
በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ።
ሮብሌ ማለት በሱማልኛ ዝናብ ያለው ነው።
«ስወለድ ዘንቦ ነበር፤ ሌላ ምሥጢር የለውም» ይላል እሱ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉት የግዢው ኃላፊ።
«ዝም ባለ ግንብስ?» አላቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ረቂቅ መጣ፤ ለእኔው፣ እንድተይበው።
ጉዳዩ፦ ዝውውርን ይመለከታል።
ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል፣ ከግንባታ ቁጥጥር
ወደ አሮጌ ጎማ መጋዘን፣ ከነገ ጀምሮ።
ያው ሰሌዳ፣ ያው ፊደል፤
ስሙን ጣቴ ቀድሞኝ ጻፈው።

ሕግማ አለ። ከቀን መቁጠሪያው ሥር ተለጥፏል፣ ፀሐይ ያገረጣው፤
«በመጠቆሙ ምክንያት ማንም ከሥራው አይነሳም» ይላል።
ደብዳቤው ግን «በመጠቆሙ» አላለም።
«ለቅልጥፍና» ነው ያለው።
በአንዲት ቃል ቀዳዳ ሙሉ ሰው ሾልኮ ይወድቃል።

እኔ ጀግና አይደለሁም። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣
ስብሰባ ላይ ከኋላ ነው የምቀመጠው።
ግን ከ«ጉዳዩ» በላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦
ማጣቀሻ፦ አቶ ሮብሌ ዋይስ ስለ ግንቡ ብረት ያቀረቡት ሪፖርት።
ቁጥሩን አላሳሳትኩም። ቀኑንም።
አለቃችን ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ አሥራ ሁለት ዓመት አይቻለሁ።
ፈረሙ።
ማህተሙ አረፈበት፣ ሰማያዊ፣ ገና እርጥብ።
አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት፣
አንዱ፣ ግልባጭ ላይ ያልሰፈረው፣ ለቦርሳዬ።

ብረቷ አሁን ወረቀት ትጫንልኛለች።
ማራገቢያው ሲዞር ጠርዙ ይርገበገባል እንጂ አይበርም።
ዛሬ በደንገጎ በኩል ጠቁሯል።